ሁዋን ጋብሪኤል፤ የማሳደጊያ ቤት ልጅ በኪነ ጥበብ አዳራሽ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ የበዓል ቀን የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ ንግግር እንድናደርግ በተፈቀደልን ጊዜ፥ ስለ ማን እንናገር በማለት ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን ስለ አንድ ታላቅ ሐኪም ወይም ስለ አንድ የጦር ጀግና ብንናገር ይሻላል ያሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ስለ ሐኪሙም ስለ ጀግናውም በየዓመቱ ይነገራል፤ እኛ ዛሬ ስለ አንድ ዘፋኝ ልንናገር ፈቀድን። «ዘፋኝ ለትምህርት ቤት በዓል ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በእኛም መካከል ተነሥቶ ነበርና። እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ ብትሰሙን ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን።

ሰውየው የሜክሲኮ ሰው ነው። የሜክሲኮ ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በስሟ የሚጠራ አደባባይ አለ። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘችበት ዘመን ብዙ መንግሥታት ነገሩን በዝምታ ሲያልፉት፥ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂቶች አንዲቱ ሜክሲኮ ነበረች። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ስለዚህ የምናወራው ስለ ወዳጅ አገር ልጅ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ዓለም ሁዋን ጋብሪኤል ብሎ የሚያውቀው ሰው፥ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አልቤርቶ አጊሌራ ቫላዴስ ነው። በ1950 ጃንዋሪ 7 ቀን ሚቾአካን በተባለው ክፍለ አገር፥ ፓራኩዋሮ በምትባል የገጠር ከተማ ተወለደ። ለቤቱ ዐሥረኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ መሬት ለማጽዳት ሣር ሲያቃጥል እሳቱ አመለጠውና ወደ ጎረቤት መሬት ተዛመተ። አባትየው ከዚህ ድንጋጤ የተነሣ አእምሮው ታወከ፤ ሜክሲኮ ከተማ ወደሚገኝ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታልም ተወሰደ። ልጁ አባቱን በወጉ ሳያውቅ አደገ።

እናቱ ቪክቶሪያ ቫላዴስ ልጆቿን ይዛ ወደ ሰሜን ተሰደደች፤ የደረሰችበትም ስዩዳድ ሁዋሬስ የምትባለው የጠረፍ ከተማ ነው። ይህች ከተማ ከአሜሪካዊቱ ኤል ፓሶ የምትለየው በአንድ ወንዝ ብቻ ነው። እናትየው በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ትንሹን ልጅ የሚጠብቅላት አጣች። ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው፥ አሳዳጊ የሌላቸውና አስቸጋሪ የተባሉ ልጆች ለሚታረሙበት አዳሪ ቤት ሰጠችው። በዚያም ስምንት ዓመት ቆየ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ልንል እንወዳለን። ከእኛም መካከል በአዳሪነት ያደግን አለን፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠያቂ መጥቶ እንደ ሆነ ወደ በሩ መመልከት ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን እኛ የመጣነው ለትምህርት ነው፤ በዕረፍት ጊዜም የምንመለስበት ቤት ነበረን። ያ ልጅ እዚያ የተቀመጠው ሌላ የሚቀመጥበት ስፍራ ስለ ታጣ ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ሆነን ነው ታሪኩን ማንበብ ያለብን።

በዚያ ቤት ሁዋን ኮንትሬራስ የሚባሉ አንድ መምህር ነበሩ። የሚያስተምሩት የእጅ ሥራ ነበር፤ ሙዚቃም ያውቁ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ፥ ጆሯቸውም የደከመ ነበረ። ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ ሰው፥ ሌላው ሰምቶ ያለፈውን የልጁን ድምፅ ለዩት። ከሙዚቃ የሚያውቁትን ሰጡት፥ ጊታርም አስጨበጡት። ልጁ በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ከአዳሪ ቤቱ ወጥቶ በጠፋ ጊዜ የተጠጋው ወደ እርሳቸው ነው፤ አንድ ዓመት ያህል አብሯቸው ተቀምጦ የእጅ ሥራ እየሠሩ ሸጠው ኖሩ። መምህሮቻችን ይህን ስንናገር ከትምህርት ቤት መጥፋትን አመሰገናችሁ ብለው እንዳይቆጡን እንለምናለን። እኛ የምናመሰግነው መጥፋቱን ሳይሆን፥ የጠፋው ልጅ በር ሲያንኳኳ የከፈቱለትን መምህር ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሁዋሬስ ተመልሶ ሁለት እኅትማማች ሴቶች አስጠግተውት በአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራን ጋር ይዘምር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ይጠርግ ነበር። በ1965 በከተማው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጊዜ ዘፈነ፤ ያን ጊዜ «አዳን ሉና» የሚል የመድረክ ስም ተሰጠው። ቀጥሎም ኖአ ኖአ በሚባል የሁዋሬስ መሸታ ቤት መዝፈን ያዘ። ይህች ቤት ኋላ በ1980 ባወጣው ዘፈን ስሟ በአገሩ ሁሉ ታወቀ። ቤቷ በ2004 በእሳት ተቃጥላለች፤ ዘፈኗ ግን በየሠርጉ ቤት ዛሬም ያስጨፍራል።

ሸክላ የማስቀረጽ ምኞት ወደ ሜክሲኮ ከተማ ወሰደው። በየኩባንያው ደጅ ጠና፤ መለሱት። በመጨረሻም አር ሲ ኤ በተባለው የሸክላ ኩባንያ ለሌሎች ዘፋኞች ከኋላ ሆኖ የሚቀበል ድምፅ ሆኖ ሠራ። ያም ሳይሰምርለት ቀርቶ ቤትም ገንዘብም በሌለው ሰዓት የባሰ መጣበት፤ በስርቆት ተከስሶ ሌኩምቤሪ ወደተባለው የታወቀ ወህኒ ቤት ገባ። ማስረጃ ሳይገኝበት ዐሥራ ስምንት ወር ታሰረ። ወጣቱ በእስር ቤት ዘፈን ይጽፍ ነበር። የወህኒው አዛዥና ባለቤታቸው አዘኑለት፤ ላ ፕሪዬታ ሊንዳ በሚል ስም የምትታወቀው ዘፋኝ ኤንሪኬታ ሂሜኔስም ዘፈኖቹን ሰምታ ተከራከረችለት፤ ከእስር እንዲወጣም ከኩባንያው ጋር እንዲዋዋልም ረዳችው። የዮሴፍን ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ክፍል ለተማርን ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ ያም እስረኛ በደጅ የሚያስታውሰው ሰው እስኪያገኝ ድረስ በወህኒ ሰንብቷል። ሌኩምቤሪ በ1976 ተዘግቶ ዛሬ የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ሆኗል።

በ1971 የመጀመሪያውን ትልቅ ሸክላ ሲያወጣ ስሙን ለወጠ። ሁዋን የእኛው ዮሐንስ ነው፤ ጋብሪኤልም የእኛው ገብርኤል። ሁዋን ያለው በመምህሩ በሁዋን ኮንትሬራስ ስም ነው፤ ጋብሪኤል ያለው ባላሳደገው አባቱ በጋብሪኤል አጊሌራ ስም ነው። ሰው ዝና ሲያገኝ የሚያምር ስም ይመርጣል፤ እርሱ ግን ያሳደገውንና ያላሳደገውን ሁለት ሰው በአንድ ስም አገናኘ። በየመድረኩ ሲጠራ የኖረው የአንድ የእጅ ሥራ አስተማሪ ስም ነው።

አሁን ወደ ሥራዎቹ እንግባ። ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያው ዘፈን ትርጓሜው «ገንዘብ የለኝም» ማለት ነው። ቀላል ዜማ ነው፤ ከፍቅር በቀር የሚሰጠው ነገር የሌለው ወጣት ለወደዳት የሚናገረው ነው። ከብዙ የፍቅር ዘፈኖች የሚለየው፥ የጻፈው ሰው በእውነት ገንዘብ ያልነበረው በመሆኑ ነው።

በ1974 ስመ ጥር ከሆነው ከማሪያቺ ቫርጋስ ዴ ቴካሊትላን ጋር አንድ ሸክላ አሳተመ። ማሪያቺ ማለት በቫዮሊን፥ በጥሩንባ፥ በጊታርና ጊታሮን በሚባል ሆደ ሰፊ ትልቅ ጊታር የሚጫወት የሜክሲኮ ባንድ ነው፤ ተጫዋቾቹ ልብሳቸውን እንደ ፈረሰኛ በብር ቁልፍ ያስጌጣሉ። ከማሪያቺ ጋር የሚዘፈነው የገጠሩ ዘፈን ራንቼራ ይባላል። ከእርሱ በፊት በዚህ ዘፈን የነገሠው ሆሴ አልፍሬዶ ሂሜኔስ ነበር፤ በ1973 ሞተ። ራንቼራ ከጥንት ጀምሮ የኩሩ ወንድ ዘፈን ነበር፤ ወንድየው ቢከዳም ጠጥቶ ይፎክራል። ሁዋን ጋብሪኤል በዚሁ በፈረሰኛው ዜማ ውስጥ ሆኖ ሳያፍር አለቀሰ፤ ለመነ፤ ናፈቀ። በከተማ የሚደመጠውን ለስላሳ ዘፈንና የገጠሩን ራንቼራ አንድ ሰው ባንድ ዓመት ሲዘፍን ያን ጊዜ የተለመደ አልነበረም። የከተማ ወጣት የአባቱን ዘፈን እንደገና እንዲወድ አድርጎታል ብንል ስሕተት አይሆንም።

ደራሲነቱ ከዘፋኝነቱ አይተናነስም። የጻፋቸው ዘፈኖች 1,800 ያህል እንደሚደርሱ ይነገራል። ከእነዚህ ብዙዎቹን ለሌሎች ሰጠ። ከ1977 ጀምሮ ስፔናዊቱ ሮሲዮ ዱርካል የእርሱን ራንቼራዎች በተከታታይ ሸክላዎች ዘፈነች። ነገሩን በታሪክ ዓይን ስናየው ይደንቃል፤ ሜክሲኮን ሦስት መቶ ዓመት የገዛችው ስፔን፥ የማድሪድ ልጅ የሆነችውን ዘፋኝ የሜክሲኮ ድኻ በጻፈው ዜማ ሰማቻት። በ1984 ያወጣው «ሬኩዌርዶስ ዶስ» የተባለው የራሱ ሸክላም በሜክሲኮ እጅግ ብዙ ከተሸጡት አንዱ ነው፤ «ኬሪዳ» የሚለው ዝነኛ ዘፈን የሚገኘው በዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን «አሞር ኤቴርኖ» ወይም «የዘላለም ፍቅር» የተባለውን ዘፈን ሳንጠቅስ ብናልፍ ንግግራችን ጐደሎ ይሆናል። እናቱ በ1974 ሞተች። በገረድነት ያገለገለችበትን ቤት ገዝቶላት ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳትኖርበት አረፈች። ብዙ ሰዎች ይህን ዘፈን ለእርሷ እንደ ጻፈው ያምናሉ። በመጀመሪያ በ1984 በሮሲዮ ዱርካል ድምፅ ተሰማ፤ በኋላ ራሱ ዘፈነው። ዛሬ በሜክሲኮ በእናቶች ቀንና በቀብር ላይ የሚዘፈን ሆኗል። በ2019 በኤል ፓሶ ከተማ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው ገበያተኞችን በጨፈጨፈ ጊዜ፥ በሐዘኑ ስፍራ ማሪያቺዎች ይህንኑ ዘፈን ተጫወቱ። እንዲህ ያለ ዘፈን ከደራሲው እጅ ወጥቶ የሕዝብ ሙሾ ሆነ ማለት ይቻላል። በ2024 የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት፥ ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ ከመረጣቸው ድምፆች መካከል የእርሱን «አሞር ኤቴርኖ» መዝግቦታል።

ቀጥሎ የምንናገረው ለነጋዴ ቤት ልጆችም ሕግ ለመማር ለሚያስቡትም ይጠቅማል። አንድ ሸክላ በውስጡ ሁለት ንብረት አለው። አንዱ ግጥሙና ዜማው ነው፤ ሌላው በማሽን የተቀረጸው ድምፅ ነው። ኩባንያው ማሽኑንና ገንዘቡን ስላወጣ ሁለቱንም የእኔ ነው ሊል ይችላል፤ ደራሲው ደግሞ አሳቡ ከእኔ ወጥቷል ይላል። ሁዋን ጋብሪኤል በዘፈኖቹ ባለቤትነት ከኩባንያው ጋር በመጣላቱ፥ ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1994 ድረስ፥ ስምንት ዓመት ለሚያህል ጊዜ፥ አዲስ የስቱዲዮ ሥራ ከመስጠት ተቆጠበ ማለት ይቻላል። በዝናው ጫፍ ላይ ያለ ሰው ዝም ቢል ይረሳል፤ ገበያው ሌላ ሰው ይፈልጋል። እርሱ ግን በየአገሩ እየዞረ በመድረክ እየዘፈነ ኖረ፤ ስምምነት በተደረሰ ጊዜም በ1994 ያወጣውን ሸክላ «ስለ ጠበቃችሁኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ሰየመው። በወጣትነቱ ሸክላ ለማስቀረጽ ሲል ደጅ የጠና ሰው፥ በጐልማሳነቱ ድካሙን ላለማስነጠቅ ሲል ከመቅረጽ ተከለከለ። ሥራን መውደድ ማለት ይህንንም እንደሚጨምር ከዚህ እንማራለን።

በዝምታው ዘመን መካከል ነው የሕይወቱ ትልቁ ቀን የመጣው። በሜክሲኮ ከተማ መካከል የኪነ ጥበብ ቤተ መንግሥት የሚባል ነጭ የእብነ በረድ ሕንፃ አለ። ሥራው በ1904 ተጀምሮ በአብዮቱ ምክንያት ተቋርጦ በ1934 ተመረቀ። በግድግዳው ላይ የዲዬጎ ሪቬራና የሌሎች ታላላቅ ሠዓሊዎች ሥዕል ይታያል። በዚያ አዳራሽ የሚሰማው ኦፔራና ሲምፎኒ ነበር። በ1990 ሁዋን ጋብሪኤል ከብሔራዊው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር በዚያ እንደሚዘፍን በተሰማ ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዳንድ የኪነ ጥበብ ዐዋቂዎች፥ ያ አዳራሽ ለከፍተኛ ጥበብ የተሠራ ነው፤ ለመሸታ ቤት ዘፋኝ ከተከፈተ ክብሩ ይዋረዳል አሉ።

የእነዚህን ሰዎች አሳብ በንቀት ልንጥለው አንወድም። አንድ አገር ከፍ ያለ ነገር የሚሰማበት፥ ገበያ የማይገዛው አዳራሽ እንዲኖረው መፈለግ ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ስለ ወደደው ብቻ አንድ ነገር መልካም አይሆንም። ነገር ግን ጥያቄው ሌላ ነበር፤ አዳራሹ በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ የሕዝቡ ልጅ ሊገባበት የማይችል ከሆነ የማን ነው? በሜይ ወር ከ9 እስከ 12 በተደረጉት ዝግጅቶች፥ ከኋላው ኦርኬስትራው፥ ማሪያቺውና መዘምራኑ ቆመው፥ በኤንሪኬ ፓትሮን ዴ ሩዌዳ መሪነት ዘፈነ። ከምሽቶቹ አንዱ በሜክሲኮ የእናቶች ቀን ላይ ዋለ። ገቢውም ለዚያው ለሲምፎኒ ኦርኬስትራ መርጃ ሆነ። የተቀረጸው ድምፅና ፊልም ከሥራዎቹ ሁሉ የሚወደደው ነው። ኦርኬስትራው ከፍ ባለ ድምፅ ሲጀምር፥ ዘፋኙም በመሸታ ቤት እንደ ለመደው ከሰዎቹ ጋር ሲጨዋወት፥ የጨዋ ልብስ የለበሰው ታዳሚ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ የሰማ ሰው ክርክሩ እንዴት እንዳለቀ ይገባዋል። በ1997ና በ2013ም በዚያው አዳራሽ ዘፍኗል።

ገንዘብ ባገኘ ጊዜም የመጣበትን አልረሳም። በ1987 በስዩዳድ ሁዋሬስ አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች የሚሆንና ሙዚቃም የሚማሩበት ቤት አቋቁሞ ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም በገንዘቡ ደግፎታል። እናስተውል፤ በማሳደጊያ ቤት ያዘነ ልጅ አድጎ ማሳደጊያ ቤትን አላፈረሰም፤ ለእርሱ ያልነበረውን ዓይነት ሠራ።

በ2016 ኦገስት 26 ቀን በሎስ አንጀለስ አጠገብ ኢንግልዉድ በምትባል ከተማ ዘፈነ፤ ከሁለት ቀን በኋላ በሳንታ ሞኒካ በልብ ድካም በድንገት ሞተ። ዕድሜው 66 ዓመት ነበር። በሴፕቴምበር 5 አመዱ ወደዚያው ወደ ኪነ ጥበብ ቤተ መንግሥት ገባ፤ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቀንና ሌሊት ተሰልፎ ተሰናበተው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አይገባውም የተባለለት ሰው፥ በዚያ በር የወጣው በመላው አገር ለቅሶ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ይህን ሁሉ የተናገርነው ልጆቻችሁ መጽሐፋቸውን ጥለው ጊታር እንዲይዙ አይደለም። ይህን ሰው ድኽነት አሳደገው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አናምንበትም። ድኽነት የሚያሳድግ ቢሆን ኖሮ በዚያ አዳሪ ቤት አብረውት የነበሩት ልጆች ሁሉ በታወቁ ነበር። የእነርሱን ስም ዛሬ የሚያነሣ የለም። ከእነርሱ መካከል አናጢ፥ ሐኪም፥ ደራሲ ሊሆን የሚችል ሳይታይ የቀረ እንደሚኖር ማን ይክዳል? የአንዱ ድምፅ የተሰማው አንድ ሽማግሌ መምህር፥ ሁለት ደጋግ እኅትማማቾች፥ አንድ የወህኒ አዛዥና አንዲት ዘፋኝ በየተራ በር ስለ ከፈቱለት ነው። ከአምስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሸክላው አይኖርም ነበር።

ስለዚህ መምህሮቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። እኛ በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ ከእኛ መካከል ፈተና የቀናውም ያልቀናውም አለ። ከኋላችን ግን በመጨረሻው ወንበር የሚቀመጡ፥ በሒሳብ የማይመሰገኑ፥ ጠያቂ የሌላቸው ታናናሾቻችን ይቀራሉ። ከእነርሱ አንዱ በእጁ ወይም በድምፁ የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይችላልና እባካችሁ ጆሯችሁን አትንፈጉት። የደከመ ጆሮ የነበራቸው ሁዋን ኮንትሬራስ ሰምተዋልና፥ እናንተ ደኅና ጆሮ ያላችሁ አብልጣችሁ ትሰማላችሁ።

ለእኛ ለተመራቂዎቹም ዕዳ አለብን። ስማችን ነገ በየመሥሪያ ቤቱና በየሥራው ሲጠራ፥ በውስጡ የማን ስም እንዳለ እናውቃለን። ሁዋን ጋብሪኤል የመምህሩን ስም በገሃድ ተሸከመ፤ እኛም ምንም እንኳ ስማችንን ባንለውጥ፥ የእናንተን ስም በሥራችን ልናስጠራ ቃል እንገባለን።